ከወፍጮ ቤት እስከ ስቱዲዮ፦ የ3 ደቂቃ የራዲዮ ዘገባን በስልክ መሥራት

ጋዜጠኛ መሆን የሚፈልጉ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ካሜራ ነው። የትኛው ይሻላል፣ ስንት ያወጣል፣ ያገለገለ መግዛት ያዋጣል ወይ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ የ3 ደቂቃ የራዲዮ ዘገባ ሥሩ። ድምፅ በደንብ መያዝ የለመደ ሰው ምስል መጨመር አያቅተውም። በተገላቢጦሽ የጀመረው ግን ይቸገራል። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሳል፤ ድምፁ ካልተሰማው ጥሎ ይሄዳል።

ድሮ ዕቃው ራሱ ፈተና ነበር። መቅጃው ትከሻ ያጎብጣል። ኤዲት የሚደረገው ቴፑን በምላጭ ቆርጦ በፕላስተር በመቀጠል ነው። ዛሬ ያ ሁሉ ኪሳችሁ ውስጥ ገብቷል። እንግዲህ አንድ ዘገባ ይዘን ከመነሻው እስከ መድረሻው እንሂድ። ርዕሳችን ሰፈራችሁ ያለው ወፍጮ ቤት ይሁን። የማስፈጫ ዋጋ ጨመረ እንበል። ወፍጮ ቤት የመረጥኩት ድምፅ ስላለው ነው። የሚጮህ ማሽን አለ፣ ሚዛን አለ፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፣ ጭቅጭቅም አይጠፋም። ለጀማሪ፣ ጸጥ ባለ አዳራሽ ከሚነበብ መግለጫ ይህ ይሻለዋል።

1. ዕቃችሁን አዘጋጁ

ስልክ ያላችሁ ይበቃል። ከስልኩ ቀጥሎ ገንዘብ ማውጣት ያለባችሁ ለማይክ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚይዘው ቦያ ቢዋይ-ኤም1 የሚባለውን፣ ደረት ላይ የሚቆነጠጠውን ባለገመድ ማይክ ነው። ገመዱ 6 ሜትር ነው፤ ለወፍጮ ቤት ከበቂ በላይ። መሀሉ ላይ ማብሪያ አለው። አንዱ ጎን ለስልክ፣ ሌላው ለካሜራ ነው። ማብሪያው ካሜራ ላይ እንዳለ ስልክ ላይ ሰክተው «ማይኩ አይሠራም» ብለው ወደ ሱቅ የሚመልሱ አውቃለሁ።

ስልካችሁ ክብ የማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው የታይፕ-ሲ መቀየሪያ ያስፈልጋችኋል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ሁሉም መቀየሪያ ማይክ አያሳልፍም፤ አንዳንዱ ሙዚቃ ለማዳመጥ ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ እንዳላችሁ ሰክታችሁ፣ ቀድታችሁ፣ አዳምጣችሁ ክፈሉ።

ሌላው ቀላል ነው። የጆሮ ማዳመጫ፣ ፓወር ባንክ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። የማይኩ ስፖንጅ ከጠፋባችሁ ንጹሕ የሕፃን ካልሲ አልብሱት። ሰው ይስቅባችኋል፤ ነፋሱን ግን ይከላከላል።

2. ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ስለ ወፍጮ ቤት እሠራለሁ» ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። «የማስፈጫ ዋጋ ለምን ጨመረ፣ ጭማሪውን የሚሸከመውስ ማን ነው?» ይህ ጥያቄ ነው። ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ሰው ወሬ አስረዝሞ ሲወስዳችሁ የምትመለሱበት ቦታ እሱ ነው።

ከዚያ ሦስት ድምፅ አስቡ። ባለወፍጮው፣ የሚያስፈጨው ሰው፣ እና ጉዳዩ በሥራው የሚመለከተው አካል፤ ለምሳሌ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት። ቢሮው ዛሬ ነገ ቢላችሁ የደወላችሁበትን ቀንና ሰዓት መዝግቡ። በመጨረሻም «ለማነጋገር ሞክረን አልተሳካልንም» ብትሉ ያ ሐቅ እንዲሆን።

ደብዳቤም ያዙ። አዲስ አበባ ውስጥ ማይክ ስታወጡ አንድ ሰው መጥቶ «ፈቃድ አላችሁ?» ማለቱ አይቀርም። ተማሪ ከሆናችሁ ከትምህርት ክፍላችሁ፣ ሠልጣኝ ከሆናችሁ ከጣቢያው የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። ደብዳቤ እጃችሁ ላይ ሲኖር ክርክሩ ያጥራል።

3. ስልኩን አሰናዱ

መጀመሪያ የአውሮፕላኑን ምልክት ተጫኑና ኔትወርኩን ዝጉ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። አንዲት እናት ዕንባ እየተናነቃቸው ሲነግሩኝ ስልኬ ጠራ፤ ቀረጻው ቆመ፤ እኔ አላየሁም። የቀረውን ሃያ ደቂቃ ያወራነው ለራሳችን ነበር። ድገሙልኝ ማለት አልቻልኩም። ዕንባ አይደገምም።

የመቅጃ አፑ የፋይል ዓይነት ምርጫ የሚሰጥ ከሆነ ዌቭ (WAV) የሚለውን ምረጡ፤ ኤምፒ3 ገና ሲቀዳ ጥራት ይቀንሳል። ሌሎቹን የጥራት ምርጫዎች 48 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር ድምፅ) አድርጉ። በዚህ ልክ አንድ ደቂቃ ወደ 5 ሜጋባይት ተኩል ይይዛል፤ የ20 ደቂቃ ቃለ ምልልስ 110 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስልካችሁ በቪዲዮ ከተጨናነቀ ማታውኑ አራግፉ።

ማይኩ በተሰካበት ስልክ እየቀዳችሁ ማዳመጥ ብዙውን ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ቦታው ላይ ስትደርሱ 30 ሰከንድ ቅዱ፣ ማይኩን ንቀሉ፣ በማዳመጫ ስሙት። ድምፁ ከሩቅ የመጣ ከመሰላችሁ ስልኩ የሰማው በራሱ ማይክ ነው ማለት ነው፤ መሰኪያውን እዩት። የድምፅ መጠን መለኪያ ካለው ንግግሩ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መሀል ይዋልል። ቀዩን ከነካ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በኋላ አይጠገንም።

4. ቅዱ

ስትደርሱ ወዲያው ማይክ አታውጡ። ሰላምታ ስጡ፣ ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ፣ የት እንደሚተላለፍ ንገሯቸው። እናቶችን እንደ ዕድሜያቸው «እማማ» ወይም «እናቴ»፣ ወንዶቹን «ጋሼ» ብላችሁ በ«እርስዎ» ቀጥሉ። «ስሜ እንዳይጠራ» ያለ ሰው ካለ ያንኑ ጊዜ ደብተር ላይ ጻፉት፤ ማታ ላይ ይረሳል።

ጀማሪ የሚሳሳተው ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ሰው ሲያነጋግር ነው። ሁለቱን ለያዩ። ሰውየውን ወደ ውጭ፣ ወደ ግድግዳ ጥግ ውሰዱና ቅዱ። ማሽኑን ደግሞ ለብቻው ቅዱት። ሲነሳ፣ እህል ሲፈስበት፣ ዱቄቱ ሲወርድ፣ ሲጠፋ። እያንዳንዱን ቢያንስ አንድ ደቂቃ፣ እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ። ሚዛኑ ላይ ማዳበሪያው ሲያርፍ ያለውን «ዱብ» አትለፉት። በኋላ ኤዲት ላይ ወርቅ ነው።

በእጅ የሚያዝ ማይክ ከሆነ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ትንሽም ወደ ጎን ዘንበል ይበል። ፊት ለፊት ከሆነ «ጰ» እና «ፐ» ማይኩ ውስጥ ይፈነዳሉ። ማይኩን ለተጠያቂው አሳልፋችሁ አትስጡ። የሰጣችሁ ቀን ቃለ ምልልሱ የእሱ ይሆናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ «ስምዎንና ሥራዎን ይንገሩኝ»። የስሙን አጠራር ከባለቤቱ አፍ መያዝ ነው ጥቅሙ። ከዚያ «አዎ» ወይም «አይ» በሚል የማያልቅ ጥያቄ ጠይቁ። «ዋጋው ጨምሯል?» ስትሉ «አዎ» ይሏችኋል፤ አለቀ። «ባለፈው ስንት ሰጥተው፣ ዛሬ ስንት ከፈሉ?» ስትሉ ግን ታሪክ ይመጣል። መልሱ ያለቀ ሲመስላችሁ ሦስት ሰከንድ ዝም በሉ። ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩ የሚወጣው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው።

አንድ የእኛ ችግር አለ። ሰው ሲያወራ ዝም ብለን አንሰማም። «እ…» እያልን ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስባለን። ጨዋነት ነው፤ ማይኩ ግን ጨዋነት አያውቅም። እያንዳንዱ «እ» ከተጠያቂው ቃል ላይ ይለጠፋል፣ ቆርጦ ማውጣትም አይቻልም። በጭንቅላት ነቅንቁ፣ በዓይን ተከተሉ፣ አፋችሁን ዝጉ። እኔ ይህን ለመተው ወራት ፈጅቶብኛል።

ከመሄዳችሁ በፊት ቃለ ምልልስ ባደረጋችሁበት ቦታ አንድ ደቂቃ ባዶ ድምፅ ቅዱ። ማንም ሳይናገር። ሰዎቹ ግራ ይገባቸዋል፤ አስረዷቸው። ጥቅሙን ኤዲት ላይ ታዩታላችሁ።

5. አድምጡና ምረጡ

ቀረጻውን ከቴሌግራም ወደ ኮምፒውተር የምትልኩ ከሆነ በ«ፋይል» ላኩት። ዋትስአፕ ላይም «ዶክመንት» በሚለው በኩል። ድምፅ መልእክት ሆኖ ከሄደ ይጨመቃል፤ የዌቭ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከዚያ ሙሉውን አዳምጡ። ደቂቃውን በግራ፣ የተባለውን በቀኝ ጻፉ። ጂቦርድ የሚባለው የጉግል ኪቦርድ በአማርኛ ስትናገሩለት ይጽፋል፤ ለረቂቅ ጊዜ ይቆጥባል። ግን ስምና ቁጥር ላይ አትመኑት። «ሰባት» እና «ሰባ» ሲያምታታ ዋጋው ሌላ ይሆናል።

ለ3 ደቂቃ ዘገባ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ የሚሆኑ፣ ከቃለ ምልልሶቹ የተቆረጡ አራት ድምፆች ይበቃሉ። ምን ይመረጥ? መረጃ ሳይሆን ስሜት፣ አስተያየት፣ የዓይን ምስክርነት። መረጃውን እናንተ አሳጥራችሁ ትነግሩናላችሁ። «ድሮ ሃያ ኪሎ አስፈጭ ነበር፣ አሁን እያብቃቃሁ በአምስት በአምስት ነው» የሚል ሰው ካገኛችሁ ግን ራሱ ይናገር።

6. ለጆሮ ጻፉ

ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦

«በክፍለ ከተማው የሚገኙ የወፍጮ ቤት ባለቤቶች ከኤሌክትሪክ ኃይል መቆራረጥ ጋር በተያያዘ የሚደርስባቸውን ኪሳራ ለማካካስ በሚል በማስፈጫ ዋጋ ላይ ያደረጉት ጭማሪ ኅብረተሰቡን ለተጨማሪ ወጪ እየዳረገው መሆኑ ተገለጸ።»

26 ቃል ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አድማጩ 25 ቃል ተሸክሞ ነው የሚጠብቃችሁ፤ ታክሲ ውስጥ ከሆነ መሀል ላይ «ወራጅ አለ» ይባላል፣ አበቃ። ደግሞስ ማን ነው የገለጸው? «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ታወቀ» የተናጋሪውን ስም ይደብቃሉ። እንዲህ ብንለውስ፦

«ጤፍ ማስፈጨት ተወዷል። ባለወፍጮዎቹ መብራት እየጠፋ ከሰርን ይላሉ። ደንበኞቹስ?» ከዚህ በኋላ የደንበኛዋ ድምፅ ይገባል።

ርዝመቱን በቃል ብዛት አትለኩ። የእንግሊዝኛ መማሪያዎች በሰከንድ ሦስት ቃል ይላሉ። ለእኛ አይሠራም። «አልነገርኳቸውም» አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን ተናጋሪው፣ የሚነገራቸው ሰዎች፣ ድርጊቱና አሉታው አሉ። እኔ በዜና ፍጥነት በደቂቃ 100 ቃል አካባቢ አነባለሁ። የእናንተን በስልክ ሰዓት ለኩ። አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡና ቁጠሩ፤ ከዚያ በኋላ መገመት አያስፈልግም።

ቁጥር አቅልሉ። «1,247,300 ብር» የሚል ወረቀት ላይ ያምራል፤ ጆሮ ግን የሚይዘው «ከ1.2 ሚሊዮን ብር በላይ» የሚለውን ነው። ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሁለት ጊዜ አስቡ። ከውጭ የመጣ መረጃ «9 ሰዓት በግሪንዊች» ካለ መጀመሪያ 3 ደምሩ፣ ከዚያ ወደኛ አቆጣጠር 6 ቀንሱ። ቀን 6 ሰዓት ይሆናል። ዓመቱም ያው ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መለወጫ የ7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ የ8 ዓመት ልዩነት አለ። ጥር ላይ በችኮላ 7 የቀነሰ ዜና አንባቢ ስንት ጊዜ ሰምተናል!

7. ከመጻፋችሁ ጎን ለጎን አጣሩ

ስለ ወፍጮ ቤቱ እየሠራችሁ ሳለ አንድ ሰው ቪዲዮ ይልክላችኋል። «ሕዝቡ ወፍጮ ቤት ሰበረ» ይላል። አትቸኩሉ። ከቪዲዮው ግልጽ የሆነ ቅጽበት ፎቶ አንሱና በምስል መፈለግ የሚያስችሉት ጉግል ሌንስ ወይም ቲንአይ ላይ ፈልጉት። ከዓመታት በፊት የተሠራጨ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ይወጣል። ኢንቪድ የሚባለው የብሮውዘር መሣሪያ ደግሞ ቪዲዮን ወደ ነጠላ ምስሎች ይበታትናል፤ ኮምፒውተር ካላችሁ ጫኑት።

ከመሣሪያው በላይ ግን ዓይናችሁ ይሠራል። የመኪናው ታርጋ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? የሱቁ ማስታወቂያ በምን ቋንቋ ተጽፏል? ሰዎቹ ጃንጥላ ይዘዋል? የካቲት ላይ ነው የተባለ ቪዲዮ ውስጥ የክረምት ጭቃ ካለ ጥያቄ ጠይቁ። የድምፅ ቅጂ ከሆነ ይብስ ተጠንቀቁ። አሁን የሰውን ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስመስሎ መሥራት ቀላል ሆኗል። የባለሥልጣን ነው የተባለ ቅጂ ከደረሳችሁ ራሳችሁ ወደምታውቁት ቁጥር ደውሉ፤ ላኪው ወደሰጣችሁ ቁጥር አይደለም።

ሕጉንም አንብቡ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 እና የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለጀማሪም ይመለከታሉ። ሁለተኛው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽንም ይነካል፤ ሐሰተኛ መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሠራጨ ቅጣቱ ይከብዳል። የቲክቶክ ገጻችሁ ሲያድግ ይህን አትርሱ።

8. አንብቡና ቅዱ

ስቱዲዮ የላችሁም? ጋቢ አላችሁ። ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ክፈቱ፣ ፊታችሁን ወደ ውስጥ አድርጉ፣ ጋቢውን ከላይ ጣሉ። ወፍራም ጨርቅ የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል። ይሞቃል፤ ግን ይሠራል። ሰዓት ምረጡ። ቀን ላይ «ቆራሌው» አለ፣ ማታ ውሾች አሉ። እኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ይሻለኛል፤ የእናንተን ሰፈር እናንተ ታውቃላችሁ።

ከማንበባችሁ በፊት ሲነበቡ ከሚጠብቁት ፊደላት ሥር አስምሩ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ነው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው። «ይመታል» ሲላላ መቺ ነው፣ ሲጠብቅ ተመቺ። «ዋና» ሲጠብቅ ዋና ጸሐፊ፣ ሲላላ የውሃ ዋና። ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው አንዱን በአንዱ ይለውጠዋል፤ አድማጭም ይስቃል። የማታውቁት የሰው ወይም የቦታ ስም ካለ ወደ አገሩ ሰው ደውሉ። ደቂቃ አይፈጅም።

የዜና አንባቢ ድምፅ አታምጡ። ያ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደ አዋጅ የሚያነሳ ዜማ አርጅቷል። ከፊታችሁ አንድ የምታውቁት ሰው እንዳለ አድርጋችሁ ለእሱ ንገሩት።

9. አቀናብሩ

ኮምፒውተር ካለ ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም አውርዱ፤ ነፃ ነው። ስልክ ብቻ ከሆነ ሌክሲስ ኦዲዮ ኤዲተር ለመቁረጥና ለመቀጠል ይበቃል። የመጀመሪያው ሥራ ዋናውን ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። የምትቆርጡት ሁለተኛውን ነው።

በወፍጮው ድምፅ ጀምሩ። አምስት ሰከንድ ብቻውን ይሰማ፣ ከዚያ ዝቅ በሉት፣ እናንተ ግቡ። ከንግግር ሥር ሲሆን ከእናንተ ድምፅ ቢያንስ 15 ዴሲቤል ይውረድ። እናንተ ጽሑፉን ስለምታውቁት ጮክ ያለው ወፍጮ አያስቸግራችሁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሰው ግን ይቸገራል። ያ ባዶ ደቂቃ አሁን ይጠቅማል። ሁለት ንግግር ስትቀጥሉ መሀሉ ላይ ያለውን ጉድጓድ በእሱ ትሞላላችሁ። በኦዳሲቲ ድምፅ ማጽጃም ውስጥ እንደ ናሙና ይገባል። አታብዙት፤ ሲበዛ ሰውየው ከጋን ውስጥ የሚናገር ይመስላል።

የተናጋሪውን የራሱን «እ…» እና መንተባተብ መቁረጥ ይቻላል። የአንዱን ጥያቄ መልስ ለሌላ ጥያቄ መልስ ማድረግ ግን አይቻልም። የተጠራጠራችሁ እንደሆነ ተናጋሪው ራሱ ቢሰማው «ይህን አላልኩም» ይል እንደሆነ አስቡ።

የመጨረሻውን የድምፅ ከፍታ ጣቢያው ይወስናል። የአውሮፓ ብሮድካስት መለኪያ -23 ኤልዩኤፍኤስ (LUFS፣ ለጆሮ የሚሰማው የድምፅ ከፍታ የሚለካበት አሃድ) ነው፤ ለፖድካስት ብዙ ሰው ወደ -16 ይጠጋል። ቴክኒሻኑን ጠይቁ። ሲያልቅ በጥሩ ማዳመጫ ብቻ አትስሙት። በስልኩ ድምፅ ማጉያ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ቧንቧ ተከፍቶ እያለ ስሙት።

10. ላኩ

ለቴሌግራም ወይም ለቲክቶክ ከወፍጮ ቤቱ ያነሳችሁት ሁለት ሦስት ፎቶና አጭር የቁም ቪዲዮ ይበቃል። ጽሑፍ ከሥር አስገቡ፤ ብዙ ሰው ድምፁን ዘግቶ ነው የሚያየው።

ለጣቢያው ስትልኩ ፋይሉን «የመጨረሻ የመጨረሻ 2» አትበሉት። ቀን፣ ርዕስ፣ ስማችሁ። አብራችሁ አስተዋዋቂው የሚያነበውን መግቢያ፣ ሙሉውን ጽሑፍ፣ የተናጋሪዎቹን ስምና የዘገባውን የመጨረሻ ቃላት ላኩ። የመጨረሻዎቹን ቃላት ካላወቀ ስቱዲዮ ያለው ሰው መቼ እንደሚገባ አያውቅም። ከዚያ ደውሉና ፋይሉ መከፈቱን አረጋግጡ። ሌላ ስልክ ደግሞ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይደወል። በስንት ሰዓት እንደሚተላለፍ ንገሯቸው፤ በእኛ ሰዓት።